ከግሩፑ ያስወጣኋቸው ሴት

ሠላሳ አንድ ዓመት የባቡር ሐዲድ ምልክት ሰጪ ነበርኩ። ቀይ ሳሳይ ባቡሩ ይቆማል፣ አረንጓዴ ሳሳይ ይሄዳል፤ አንድም ሾፌር "ለምን?" ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ጡረታ ስወጣ ግን ምልክቴን የሚያከብር ጠፋ። ቤቴ ውስጥ እንኳ ሚስቴ ቁጭ በል ስትለኝ ነው የምቀመጠው። ስለዚህ የካሎንጋ ሰፈር የፌስቡክ ግሩፕ የከፈትኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለጎረቤት አዝኜ ብቻ አይደለም። የማዝዝበት ነገር ፈልጌ ነው።

መጀመሪያ የምንነጋገረው ውሃ መቼ እንደሚመጣና መብራት መቼ እንደሚጠፋ ነበር። ካብዌ ከተማ ውስጥ እነዚህን ሁለቱን ያወቀ ሰው ኑሮውን አወቀ። ቀስ በቀስ ሰዉ በዛ። ሉሳካ የገቡት የሰፈር ልጆች፣ ደቡብ አፍሪካ የተሻገሩት፣ እንግሊዝ አገር ሽማግሌ የሚጦሩት ሁሉ እየተጠራሩ መጡና አራት ሺህ ሆንን። ሰው ሲበዛ አፍ ይበዛል። እኔም ዘጠኝ አንቀጽ ሕግ አወጣሁ። አራተኛው "በሞተ ሰው ላይ ያፌዘ ከግሩፑ ይባረራል" ይላል። ሕጉን ሳወጣ ማንም አልተቃወመም፤ ያነበበው ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

አሁን ስለ ባ ሬጂና ጄሬ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ የተከበረ ሰው ስሙ ብቻውን አይጠራም፣ "ባ" ይቀድመዋል። ባ ሬጂና ሃያ ሰባት ዓመት ገበያው ዳር ባለው ወፍጮ ቤት በቆሎ ሲፈጩ ኖረዋል። ወፍጮው ከበቆሎው ጋር ጆሯቸውንም ፈጨው። ባላቸው ባ ጄሬ ሲሞቱ እሳቸው የሚሰሙት ነጎድጓድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቅርብ ከሆነ ነው።

የማይሰማ ሰው እንዴት ብቻውን እንደሚቀር አይቻለሁ። ሰው መጀመሪያ ይጮህለታል። ቀጥሎ ወሬውን ያሳጥርለታል። በመጨረሻ እጁን አውለብልቦ ያልፈዋል። ባ ሬጂና ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ የታወቁ ተረበኛ ነበሩ፤ በቆሎ ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ ስቆ ነበር የሚመለሰው። እኚያ ሴት ናቸው እንግዲህ በራቸው ላይ ተቀምጠው መንገደኛ የሚቆጥሩት። እጃቸውን አውለብልበው ከሚያልፉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሶልዌዚ የምትኖረው ልጃቸው ስልክ ገዝታ አምጥታ ግሩፑ ውስጥ አስገባቻቸው። የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ዛሬም አስታውሳለሁ፦ "እኔ የወፍጮ ቤቷ ሬጂና ነኝ። ጆሮዬ አይሰማም፤ ዓይኔ ግን ከማናችሁም ይበልጣል። ያየሁትን እናገራለሁ፤ ያልወደደ ዓይኑን ይጨፍን።"

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! አንድ እሑድ፦ "ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ስብከቱን ከዳር እስከ ዳር ተኛችው። እኔም አልሰማሁም፣ እሷም አልሰማችም። ምስኪን የሚባለው ግን እኔ ብቻ ነኝ።" ሌላ ጊዜ፦ "ሰው ሲታመም ለመድኃኒት የለንም ትላላችሁ፤ ሲሞት አውቶቡስ ትከራያላችሁ። ወገኖቼ፣ እኔ ስታመም አውቶቡሱን አስቀድሙልኝ፤ ሐኪም ቤት ይወስደኛል።" ይሄኛው ብዙ ሰው አከራከረ፤ አንድ ቄስ ሳይቀር አስተያየት ሰጡበት። ደግሞ ሌላ ቀን፦ "ትልቁን ድስቴን የወሰድሽው እህቴ፣ ድስቱ ናፍቆኛል። አንቺም ትናፍቂኛለሽ፣ ከድስቱ ቀጥሎ።" በማግስቱ ሦስት ሴቶች ሦስት ድስት ይዘው መጡ፤ ሁለቱ የሳቸው አልነበሩም።

ሰዉ ይመልስላቸዋል፣ ይተርባቸዋል፤ እሳቸውም ለያንዳንዱ መልስ አያጡም። ጠዋት ተነስቼ ግሩፑን ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው የሳቸውን ነገር ነበር። አንድ ቀን ለብቻዬ ጻፉልኝ፦ "ሞፋት፣ በር ስለከፈትክልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ስነቃ የሚያናግረኝ ሰው አለ።" እኔ ምን መለስኩ? አውራ ጣት። አንዲት ቢጫ አውራ ጣት ልኬላቸው ወደ ሥራዬ ሄድኩ፤ ሥራ ቢኖረኝ።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ማለዳ የብስክሌት ጠጋኙ ባ ላይሰን ንዚማ ሞቱ። ሐኪም ቤት ሁለት ሳምንት ተኝተው ነበር። ግሩፑ በ"ነፍስ ይማር" ተሞላ። መሀል ላይ ባ ሬጂና ብቅ አሉ፦

"ንዚማ ሞተ አሉ? ተመስገን! የካሎንጋ አይጦች ዛሬ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ለቅሶ የምመጣው ላለቅስ እንዳይመስላችሁ፤ ሳጥኑ ሳይዘጋ ልፈትሽ ነው። ይሄ ሰው ለመንገዱ የተጠበሰ አይጥ ሳይደብቅ አይሄድም። እናንተ ንጎኒዎች፣ ከበሩ ዞር በሉልኝ!"

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ቤምባና ንጎኒ በጥንት ዘመን ተዋግተው የታረቁ ጎሳዎች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቤምባው ንጎኒውን "አይጥ በል"፣ ንጎኒው ቤምባውን "ዝንጀሮ በል" እያለ መሰዳደብ መብታቸው ነው። በለቅሶ ጊዜ ደግሞ ግዴታቸው ነው። ከአንዱ ወገን ሲሞት ሌላው መጥቶ ያላግጣል፣ ያስቃል፣ አልበላም ያለውን ሐዘንተኛ ያበላል። እኛ ቶንጋዎችም ከሎዚዎች ጋር እንዲሁ ነን። ስለዚህ ያንን ጽሑፍ ቤምባ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር። ነገር ግን ጄሬም እንደ ንዚማ የንጎኒ ስም ነው። ጄሬ በንዚማ ሞት ሲያላግጥ፣ ወንድም በወንድሙ ሬሳ ላይ ጨፈረ ማለት ነው።

እኔ ብቻ አይደለሁም እንዲያ ያሰብኩት። "የገዛ ወገኗን!" አለ አንዱ ከሉሳካ። "ጄሬ ሆና እንዲህ ካለች ሰውየውን የገደለችውም እሷ ትሆናለች" አለች አንዷ ከእንግሊዝ አገር። "አስተዳዳሪው የት አለ? ተኝቷል?" አለ ሦስተኛው። ይቺ "ተኝቷል" የምትለው ነች ያበሸቀችኝ። ምልክት ሰጪ ተኝቶ አያውቅም። አንድ ሁለት ሰዎች "ቆዩ እስቲ፣ ሴትየዋን እናውቃታለን" ብለው እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ፤ በዚያ ጫጫታ መሀል ማን ያያቸዋል። ባ ሬጂናን ከነጽሑፋቸው አስወጣሁና "በአንቀጽ አራት መሠረት እርምጃ ተወስዷል" ብዬ ለጠፍኩ። ስድስት መቶ ሰው ወደደልኝ። ምሳዬን በጥሩ ፍላጎት በላሁ።

ከሰዓት በኋላ የግቢዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ስልካቸውን ወደኔ ዘርግተው፣ "ሞፋት፣ አይከፍትልኝም። ተበላሽቶ ነው?" አሉኝ፤ እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብለው።

"አልተበላሸም! እኔ ነኝ ያስወጣሁዎት!" ብዬ ጮህኩ። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ፤ ከሳቸው በቀር።

"ምን?"

ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ተቀምጬ መጻፍም ክብር የሚነካ ነገር መሰለኝ። አራት ጣቴን አነሳሁ፤ አንቀጽ አራት ለማለት።

"አራት ቀን?" አሉ ደንግጠው። "አራት ቀን ምን ልሁን? ቀብሩ ያልፋል እኮ!"

አይደለም በማለት ራሴን ነቀነቅኩና በሩን ዘጋሁት። በቀዳዳው ሳይ፣ ያስወጣኋቸው እኔ መሆኔ የገባቸው መሰለኝ፤ ስልካቸውን በልብሳቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት፤ ከዚያ ሄዱ።

ማክሰኞ ለቅሶ ደረስኩ። ወንዶቹ ውጭ ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ናቸው። ከጓሮ የቦሎቄ ሽታ ይመጣል። የሟቹ ታላቅ ወንድም ባ ጆሳም ንዚማ ከቺፓታ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘው መጥተው፣ በከዘራቸው መሬት እየቆረቆሩ ይቆጣሉ።

"ይሄ ምን ዓይነት ለቅሶ ነው? ሁለት ቀን ሙሉ የሚሰድበን ሰው ይጥፋ? ካብዌ ውስጥ የቤምባ ዘር አልቋል እንዴ?"

"ሬጂናን ስንጠብቅ ነው" አላቸው አንዱ። "ምን እንደነካት እንጃ፣ አልመጣችም።"

"የትኛዋ ሬጂና?" አልኩ።

"የወፍጮ ቤቷ ናታ!"

"ባ ሬጂና ጄሬ? እሳቸው የእናንተው ወገን አይደሉም እንዴ?"

ባ ጆሳም ከዘራቸውን አቆሙ። "ጄሬ አገባት እንጂ ወለዳት? ከካሳማ ያመጣት የምዋፔ ልጅ ናት፤ ጥርት ያለች ዝንጀሮ በል! ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። አባቷ እኛን አይቶ 'ድመቷን እሰሩልኝ፣ አይጥ በሎች መጡ' ብሎን ነበር።" ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን ወደኔ ዞሩ። "አንተ ላም አርቢ የቶንጋ ሰው፣ ከላም በቀር የምትቆጥረው ዘር የለህም?"

ቶንጋና ንጎኒ መቀላለድ የለንም። ስለዚህ ይህ ቀልድ አልነበረም።

በዚህ መሀል የሟቹ ልጅ ታማንዳ ከቤት ወጣች። ዓይኗ አብጧል። "አጎቴ፣ እማዬ ዛሬም እህል አልቀመሰችም" አለች። "አታለቅስም፣ አትናገርም። ትላንት ብቻ ባ ሬጂና የጻፉትን ሳነብላት ሳቀች። ከሐኪም ቤት ከተመለስን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። 'ድገሚልኝ' ስትለኝ ብከፍተው የለም። ጠፍቷል።"

ምልክት ሰጪ የሚያፍርበት አንድ ነገር አለ፤ ቀይ ማሳየት በሌለበት ቦታ ቀይ አሳይቶ የሰው ሕይወት የያዘ ባቡር ማስቆም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያላደረግኩትን በጡረታዬ አደረግኩት።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

ባ ጆሳም በከዘራቸው ወደ በሩ ጠቆሙኝ። "ታዲያ ምን ተቀምጠህ ታየኛለህ? ተነስና አምጣት!"

የባ ሬጂናን በር አንኳኩቼ ቆሜ ጠበቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ነው የማንን በር እንደማንኳኳ ትዝ ያለኝ። በጓሮ ዞርኩ። መሬት ላይ ተቀምጠው ለውዝ ይፈለፍላሉ። አዩኝና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ዞሬ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ፤ እንደገና ዞሩ። ሦስት ጊዜ ዞርኳቸው። መስማት የማይችል ሰው ፊቱን ካዞረ ሁሉም በር ተዘጋ ማለት ነው፤ የቀረውን አንድ በር ደግሞ እኔው ነኝ የዘጋሁት። ስልካቸው ቅርጫት ውስጥ ጠፍቶ ተቀምጧል።

እንጨት አነሳሁና በተጠረገው መሬት ላይ፣ በፊታቸው በኩል፣ በትልቁ "ተሳስቻለሁ" ብዬ ጻፍኩ።

አነበቡት። "እዚህማ ዶሮ ይጭረዋል" አሉ። "ያባረርከኝ አራት ሺህ ሰው ፊት ነው።"

እውነታቸውን ነው። ስልኬን አውጥቼ ለግሩፑ ጻፍኩ፦ "እኔ ሞፋት ምዌምባ ተሳስቻለሁ። ባ ሬጂና የምዋፔ ልጅ፣ ቤምባ ናቸው። ለባ ንዚማ የጻፉት መብታቸውም ግዴታቸውም ነው። ሳልጠይቅ ፈረድኩ። ባ ሬጂናንም ሐዘንተኞቹንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።" ከመላኬ በፊት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት።

"'ሴት ልጅ በባሏ ስም አትፈረድም' የሚል ጨምርበት።"

ጨመርኩ።

"አይ፣ እዚያ አይደለም። ሕጉ ላይ። አንቀጽ አሥር አድርገው።"

አንቀጽ አሥር አደረግኩት። ላክሁት፤ እሳቸውንም መልሼ ግሩፑ ውስጥ አስገባኋቸው። ስልካቸውን ከቅርጫቱ አውጥተው ከፈቱትና እንደገና መግባታቸውን ካዩ በኋላ ነው ፊታቸው የተፈታው።

"እኔኮ" አሉ ለውዙን ከጭናቸው እያራገፉ፣ "ንዚማዎቹ ተቀይመው አስወጣት ያሉህ መስሎኝ ነበር። ዘመኑ ተለውጦ፣ ቀልዳችንን የሚፈልገው ጠፍቶ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው የነበረው እሱን ነው። እሰማ በነበረ ጊዜ ወፍጮ ነበረኝ፤ ጆሮዬ ሲሄድ ይቺ ነበረችኝ። ይቺም ከሄደች ሬጂና የት አለች?"

እጃቸውን ይዤ አስነሳኋቸው።

ወዲያው ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ቤት ገብተው የሟች ባላቸውን ሱሪ ከቀሚሳቸው በላይ አጥልቀው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ በእጃቸው የአይጥ ወጥመድ አንጠልጥለው ወጡ። እንዲያ ሆነው በካሎንጋ መንገድ ሲሄዱ ሕፃን አዋቂ ተከተላቸው። እኔ ከኋላቸው ነኝ፤ ሚስቴ በር ላይ ቆማ አየችኝና "ደግ አደረጉህ" አለችኝ፤ ማን እንደነገራት አላውቅም።

ለቅሶ ቤቱ ግቢ ሲደርሱ ወጥመዱን ከወንዶቹ እግር ሥር አስቀመጡት። "አትነሱ! ዘመዶቻችሁን ልቆጥር ነው የመጣሁት። ጆሳም፣ አንተ መጀመሪያ ግባ!"

"መጣች!" አሉ ባ ጆሳም ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው። "ይቺ ዝንጀሮ መጣች! ተመስገን፣ ወንድሜ እንደ ሰው ሊቀበር ነው!"

ባ ሬጂና ቤት ገቡ። እኔ በመስኮቱ በኩል አየሁ። ባ ኤስናርት፣ የሟቹ ሚስት፣ ግድግዳውን ተደግፈው ሽርጣቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተቀምጠዋል። ባ ሬጂና ከሴቶቹ መሀል ቆመው እንደ ባ ንዚማ አንድ ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያችን የባ ንዚማን ሳል ሳሉ፤ ለስንት ዓመት ያልሰሙትን ሳል! ከዚያ የማይታይ ብስክሌት ገልብጠው "ነገ ነይ፣ ይደርስልሻል" አሉ። ሴቶቹ ፈነዱ። ባ ንዚማ ይህን ያላሉት ሰው ካብዌ ውስጥ የለም።

"ኤስናርት!" አሉ ባ ሬጂና። "ባልሽ የብስክሌቴን ፔዳል ይዞ ነው የሄደው። 'ነገ' እያለ አሥራ አንድ ዓመት! አሁን ማንን ልጠይቅ? አይጦቹን?"

ባ ኤስናርት መጀመሪያ ሳቁ፤ ድምፅ ያለው፣ ትልቅ ሳቅ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ልቅሶ ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ የታመቀው ልቅሶ ወጣ፤ ቤቱ ሁሉ አብሯቸው አለቀሰ። ባ ሬጂና ብቻ አላለቀሱም፤ የሚያላግጥ ሰው ማልቀስ አይፈቀድለትም። ቁጭ ብለው ከንሺማው ቆረሱ፣ ገንፎውን በጣታቸው አድበልብለው ቦሎቄ ላይ ነክረው ወደ ባ ኤስናርት አፍ አደረሱት።

"ብዪ" አሏቸው። "አይዞሽ፣ ዝንጀሮ አይደለም።"

ባ ኤስናርት ጎረሱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ታማንዳ በሩ ላይ ተቀምጣ እናቷ ሲያኝኩ እያየች እንባዋን በክንዷ ትጠርጋለች። እኔም ከመስኮቱ ዞር አልኩ። ስድስት መቶ ሰው ሲወድልኝ ያልተሰማኝ ነገር ያን ጊዜ ተሰማኝ፤ ምስጋና ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ያስወጣኋቸው ሴት ተመልሰው በመምጣታቸው፣ ጥፋቴ ከቀብሩ በፊት በመታወቁ፣ በመሀላችን እንዲህ ያለ ልማድ የተከሉልንን የማላውቃቸውን የጥንት ሰዎች አመሰገንኩ።

ረቡዕ ቀበርን። ባ ሬጂና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተጋድመው "ዶሮ ካላመጣችሁ አላስቀብርም" አሉ፤ ዶሮ መጣ፤ ተነሱ። ከቀብር መልስ ሰዉ ግቢው ውስጥ ሲቀመጥ እሳቸውም ሥራቸውን ጨርሰው ኮፍያውን አወለቁና ጥግ ያዙ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ባ ንዚማ ወዳጃቸው ነበሩ። ድምፅ ሳያሰሙ፣ ብቻቸውን፣ ያችን ስልክ ጭናቸው ላይ አድርገው።

ባ ኤስናርት ከሴቶቹ መሀል ተነስተው አጠገባቸው ሄደው ተቀመጡ። እጃቸውን ያዙና የሆነ ነገር ነገሯቸው። ባ ሬጂና አፍ አፋቸውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልሰሙም።

"ሞፋት!" አሉ ባ ኤስናርት። "ና ጻፍልኝ። ልክ እንደተናገርኩት ጻፍ፤ አንቀጽ እንዳትጨምርበት።"

ስልኬን አውጥቼ ፊደሉን አተለቅኩት፤ የነገሩኝንም እንዳለ ጻፍኩ፦ "አንቺ ዝንጀሮ በል። አንቺ ስትሞቺ ማንም አይቅደመኝ። ከልጆቼ ጋር መጥቼ ሦስት ቀን ሙሉ ነው የማላግጥብሽ።"

ባ ሬጂና መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡ። አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ግቢው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብለው፣

"ተመስገን!" አሉ። "የሚስቅብኝ ሰው አላጣሁም!"